የአንድ ሰው ኪኒን

«ኪኒኑ በልኩ አልቋል። ደምሽ ግን አልዋጥሁም ይላል። የት ነው የምትደፊው?»

ይህን ያለችው ነርሷ ናት፤ ያለቻትም የልጄን ሚስት ሰርካዲስን ነው። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ውጭ ጠብቁ ብለውኝ ነበር፤ ውጭ ያሉት ግን ይኸው ነው፣ ከመጋረጃው አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። ዓይኔ ከደከመ ቆይቷል፣ ጆሮዬ ግን እንደ ልጃገረድ ጆሮ ነው። የወረቀት መገለጥ ሰማሁ፣ የእስክሪብቶ ጠረጴዛ መምታት ሰማሁ። «ትሸጪዋለሽ?» አለቻት ነርሷ። «አልሸጥም ሲስተር።» «እንግዲያ ትጥዪዋለሽ። የሦስት ወር የሰጠሁሽ፣ አንድም ሳይተርፍ በቀኑ ያለቀ ኪኒን፣ ቫይረሱ ግን ከበፊቱ ጨምሮ ተገኘ። ይኼ እንዴት ይሆናል? የአራት ወር እርጉዝ ነሽ። እንዲህ ከቀጠልሽ ለልጁ ይተላለፋል፣ ላንቺም መድኃኒቱ መሥራቱን ያቆማል። ባልሽን አምጪው ስልሽ ስንት ጊዜዬ ነው?» «ሥራ በዝቶበት ነው ሲስተር።» «እዚህ የምታዪያቸው ሁሉ ባሎቻቸው ሥራ በዝቶባቸዋል» አለች ነርሷ፣ ቁጣዋም እዚያው ደከመ መሰለኝ፣ ድምጿ ወረደ።

እኔ ኮምቦልቻ የወረድሁት ለእርግዝናዋ ክትትል ነው ተብዬ ነው። ጠዋት ከደሴ፣ ከሆጤ ሰፈር ስንወጣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሰን ስንወርድ ደግሞ ጆሮ ይደፈናል፣ ጋቢ ይከብዳል። ለአንድ ሰው ስልሳ ብር። «ደሴ ሐኪም ቤት ጠፍቶ ነው?» ብዬ ስጠይቃት «እዚያ ያለችው ሲስተር እጇ ለስላሳ ነው እማማ» አለችኝ። እጇን እንጃ፣ ምላሷስ ለስላሳ አይደለም። ልጄ ወንድምአገኘሁ ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባ፣ ሚስማር እየመዘነ፣ «እማዬ ይቅርብሽ፣ ቁልቁለቱ ያደክምሻል» ብሎኝ ነበር። ማን ፈቃድ ጠየቀህ፣ እርጉዝ ሴት ብቻዋን ሐረጎን አትወርድም ብዬ ነው የመጣሁት። ሚስማሩን መልሶ ከሚዛኑ ደፋው። ያን ጊዜ ምን እንዳስደነገጠው አላስተዋልሁም።

አሁን ግን ዙሪያዬን አየሁ። አግዳሚው ላይ አሥር አሥራ ሁለት ሴት ተቀምጧል፣ ሁሉም ነጠላውን እስከ አፍንጫው አድርሷል። ስገባ አቧራ ነው ብዬ ነበር። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፣ በሩ ላይ የተጻፈውን አላነበብሁም፤ ሰው ፊቱን የሚሸፍንበት በር ግን ማንበብ አይጠይቅም፣ ዘግይቶ የገባኝ በትዕቢቴ ነው። የኔ ቤት ያን በሽታ የሚያውቀው በለቅሶ ነው፣ የሌላ ሰው ለቅሶ። ተነሣሁና ወጣሁ።

በር ላይ ዘይኑልአቢዲን የሚባል ሽማግሌ ዘበኛ አለ፤ ስንገባ ቦርሳችንን ፈትሾ «አብሽሩ እማማ» ያለኝ እሱ ነው። በርጩማውን ለቀቀልኝ። ከበሩ ፊት ለፊት አንዲት ባጃጅ ሸራዋን አውርዳ ቆማለች፣ በዚያ ሙቀት። «ሰው አለበት?» አልሁት፣ ሌላ የምለው ስላልነበረኝ። «ባል አለበት» አለኝ። «ሚስቱ ውስጥ ናት። እሷ ስትመረመር እሱ እዚያ ሆኖ ይጠብቃል። እሷ ነፃ ከሆነች እሱም ነፃ ነው። እሷን ከያዛት ግን እሷ ናት ያመጣችው። ወላሂ እማማ፣ በወንድ እግር ቢሆን የዚች ደፍ ቀለም እስካሁን ባልለቀቀ።» ደፏን አየኋት። ሲሚንቶው እንኳ መሀሉ ጎድጉዷል። «አንተስ ተመርምረሃል?» አልሁት። ሳቀ፣ ጥርስ የለውም። «እኔ ዘበኛ ነኝ እማማ፣ በሩን ትቼ?» አለኝ።

ሰርካዲስ ወጣች። ከረጢቷን በብብቷ ይዛለች። የኪኒኑ ጠርሙስ እንዳይንኳኳ ጥጥ ትጎሰጉስበታለች፣ ኋላ ነው ያየሁት። ጎን ለጎን ሄድን። እጄ የሚይዘው ቢያጣ ገበያ ገብቼ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ገዛሁ፣ ደሴ መቶ የገባው እዚህ ሰማንያ ነው፤ ሻጯ ሰባ አምስት እስክትል ተከራከርኋት፣ ለምን እንደተከራከርሁ አላውቅም። ሰርካዲስ ሽንኩርቱን ልያዝልዎት አለች። እርጉዝ ሸክም አትይዝም አልኋት። ከዚያ መናኸሪያው አጠገብ ፓፓያ የሚፈጭበት ቤት ገባን፤ የላስቲክ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የፍራፍሬ ሥዕል፣ ማራገቢያው ይዞራል ንፋስ የለውም። ሁለት ብርጭቆ መጣ። የሷን በማንኪያ እየቆፈረች አልቀመሰችውም።

«የት ነው የምትደፊው?» አልሁ እኔም።

ቀና አለች። «ሰምተው ነው እንዴ እማማ?»

«ደንቆሮ መሰልሁሽ?»

ይቺ ልጅ አታለቅስም፣ ቤታችን ከገባች ጀምሮ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፤ የኩታበር ሰዎች ደረቅ ናቸው፣ እኔም ከዚያ ነኝ። ብርጭቆውን እያየች፣ የሰው ነገር እንደምታወራ ሁሉ ነገረችኝ። ከሁለት ዓመት በፊት የመጀመሪያው ፅንስ ሲወርድ ነው ቫይረሱ በደሟ እንዳለ የተነገራት። ከወንድምአገኘሁ በፊት ወንድ አታውቅም፣ ይህን ስትል እንኳ ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም፣ ልጄ አፋር መኪና እየነዳ የኖረበትን ጊዜ የማውቀው እኔ ነኝ። በዚያው ሳምንት ለሱ ነገረችው፤ አንድ ጊዜ ብቻ። «አንቺ የራስሽን ቻይ፣ የኔን እኔ አውቃለሁ» አላት። «ሁለተኛ በዚህ ቤት እንዳይነሣ። እናቴ እንዳትሰማ።» ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ ሁለት መቶ ብር ቴሌቪዥኑ ላይ ያስቀምጥላታል፣ ለምን እንደሆነ አይልም። እሷም ኮምቦልቻ ትወርዳለች፤ ደሴ ብትታይ የሰንበቴ ማኅበሩ ሙሴ፣ የሰብሳቢው ሚስት ናት፣ ነገሩ ጽዋው ዘንድ ከሷ ቀድሞ ይደርሳል።

«ተመርመር አላልሽውም?»

«ለመንሁት። ሰው ያየኛል ይላል።»

ዓምና ልጄ ከሳ። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ፣ ሳል ያዘው፣ ማታ ማታ አንሶላው ከላቡ የተነሣ ይጨመቃል። ያን ጊዜ እኔ ለሚካኤል ተሳልሁ፤ ልጄን ካዳንህልኝ ወርቀዘቦ ዣንጥላ አገባለሁ ብዬ። እሷ ደግሞ ያደረገችው ሌላ ነው። ኪኒኗን በጉርሻ መሀል ትጠቀልልና ታጎርሰው ጀመር። «እሱ አያኝክም እማማ፣ ይውጣል፣ ያውቁታል። በጎመን ወይም በሽሮ ጠበቅ አድርጌ ስጠቀልለው አይታወቅም።» አንድ ሰው የሚበቃው ኪኒን ነው የሚሰጧት። ስለዚህ አንድ ቀን እሷ፣ አንድ ቀን እሱ። ኪኒኑ በቀኑ ያልቃል፣ ደሟ ግን አልዋጥሁም ይላል። «እሱ አያውቅም?» አልኋት። «አያውቅም» አለችኝ፣ ይኼን ብቻ ቶሎ አለች። «ቢያውቅ ይተፋዋል።»

እኔ ያን ጉርሻ ሳየው ነው የኖርሁት። እዚያው ቤት፣ እዚያው ሶፋ ላይ ሆኜ። እሷ ስትጠቀልል፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ሲከፍት፣ እግዜር ለልጄ ምን ያለች ሚስት ሰጠው እል ነበር። ባሌ መኳንንት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ስንኖር በሰርጋችን ቀን ሰው ፊት ካጎረሰኝ ወዲያ ጣቱ አፌ ደጅ ደርሶ አያውቅም። ለጎረቤቴ ለወለተ ማርያም በየሰንበቱ እመጻደቅባት ነበር፣ ልጄ በጉርሻ ነው የሚያድር እያልሁ። እውነቴን ነው ለካ። አንድ ማታ ታጎርሰዋለች፣ በማግስቱ አታጎርሰውም፤ ጾም ነው እንዳልል አይገጥምም፣ ኩርፊያ ነው ብዬ ተውሁት። ልጄ ደግሞ እየወፈረ መጣ፣ ሳሉ ለቀቀው። ዣንጥላዬን አስይዤ እልል እያስባልሁ አገባሁ። አሁንም ዣንጥላው የሚካኤል ነው፣ አላስመልስም። ብቻ እልልታው ለማን እንደነበር አላውቅም።

ልናገር፣ እኔ የምደብቀው የለኝም። ይህን ሁሉ ስሰማ መጀመሪያ የመጣልኝ ስለሷ አይደለም። ልጄ ይድናል ነው ያልሁት በሆዴ። እንዲያው ትቀጥል ነው ያልሁት። ፓፓያዬን እስከ መጨረሻው ጠጣሁ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። መስኮት ዳር አስቀመጥኋት። ረዳቱ «እማማ ሽንኩርቱን ጣሪያ ላይ ልስቀልልዎት» ይለኛል፣ «አንተን ስቀል» አልሁት፣ ሰው ሳቀ፣ እሷም የሳቀች መስሎኝ ዞር ብል ዓይኗን ጨፍናለች። እጇ ሆዷ ላይ ነው። ሐረጎን ስንወጣ መኪናው እያቃሰተ በየመታጠፊያው ትከሻዋ ትከሻዬ ላይ ይወድቃል፤ ቀላል ናት። ከፋሲካ ወዲህ እየቀለለች እንደመጣች፣ የፊቷ አጥንት እንደወጣ፣ እርግዝናው ነው እያልሁ እንዳለፍሁት ታወቀኝ። የሱን ክሳት በሳምንቱ ያየሁ ሴት የሷን ሳላይ አራት ወር ቆየሁ። የሱ ክሳት ስለት አስገባኝ፣ የሷ «ብዪ እንጂ» ከማለት አላለፈም። ከመታጠፊያው በላይ ጉም ተጋርዷል፣ ወደ ጉሙ ስንገባ ሰው ሁሉ መስኮቱን ዘጋ፣ ማንም ያዘዘው ሳይኖር። ጋቢዬን አወጣሁና ለሁለታችን ደረብሁት። ሐሳቤ ያለቀው እዚያ ላይ ነው። ሐሳብ ከተባለ። ልጄ ሁለት እግር አለው፣ መንገዱም ስልሳ ብር ነው። በሆዷ ያለው ግን እግር የለውም።

ቤት ስንደርስ አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። ወንድምአገኘሁ ከሱቁ ወጥቶ መጀመሪያ ያየው የኔን ፊት ነው። «እንዴት ነበር?» አለኝ። «ሽንኩርት ረክሷል» አልሁት። ቆርቆሮ የሚገዛ ሰው ገባና እሱን ይዞ ተመለሰ፣ የተገላገለ ይመስላል። እሱ ሱቁ ውስጥ ቆርቆሮ ያንኳኳል። እሷ ሽንኩርቱን ትከትፋለች፣ ስትከትፍ ዓይኗ ያነባል፣ ያ ዕንባ ግን የሽንኩርቱ ነው። እኔ ደጃፍ ተቀምጬ የሚያልፈውን አያለሁ። ወለተ ማርያም ስታልፍ «ገበያነሽ፣ ኮምቦልቻ ሙቀቱ እንዴት ነው?» አለችኝ። «ያው ሙቀት ነው» አልኋት። ስለ ልጄ አንድ ነገር ሳልጨምር ሰው ያሳለፍሁበት የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ቆም ብላ አየችኝ፣ አሞኝ እንደሆነ ብላ።

መሸት ሲል ማድ ቤት ገባሁ። ሰርካዲስ ትሪውን አዘጋጅታ ጨርሳለች። ከምስሩ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከእህሉ ሥር፣ ጠርሙሱን አወጣች። እንደዚያ አድርጋ ሁለት ዓመት እኔ ከምጎረጉረው ዕቃ ውስጥ ደብቃዋለች፤ ምስር ሆዴን ስለሚነፋኝ ያን ቆርቆሮ እንደማልነካው ታውቃለች። አንዷን በመዳፏ ያዘች። ያቺን ታህል ናት። ነጭ፣ ረዘም ያለች።

«የማን ቀን ነው ዛሬ?» አልኋት።

«የሱ ነው።»

«ዋጪው።»

«እማማ፣ ትናንት እኔ…»

«ዓይኔ እያየ ዋጪው። የሱ ኮምቦልቻ ነው ያለው፣ ሄዶ ይቀበል።»

«ቢሞትብኝስ?»

«ቢሞት የሚሞተው በኔ ነው። እናቱ እኔ ነኝ፣ ካንቺ ይልቅ እኔ እፈራለሁ። ዋጪ።»

ውኃ ቀዳሁላት። ኪኒኗን አፏ ውስጥ አድርጋ ቆየች፣ ጉሮሮዋ ወጣ ወረደ። አፍሽን ክፈቺ አልኋት፣ እንደ ሕፃን። ከፈተች። ባዶ ነው።

ገባን። ቴሌቪዥኑ ዜና ያወራል። ወንድምአገኘሁ እጁን ታጥቦ ተቀምጧል፣ ሸሚዙ የዝገት ሽታ አለው፣ ጉንጩ ሞልቷል፣ መልኩ ጥሩ ነው። ትሪው መሀላችን ተቀመጠ፤ ሽሮ፣ ጎመን፣ የኮምቦልቻ ሽንኩርት በቃሪያ። ጥቂት በላን። ሰርካዲስ እጇን ሰብስባ ተቀምጣለች። እሱ በየመሀሉ ወደ እጇ ያያል። አንዴ አየ፣ ሁለቴ አየ። እኔ እንጀራዬን ቆረስሁ፣ ሽሮና ጎመን አደረግሁበት፣ ልክ እሷ እንደምታደርገው ጠበቅ አድርጌ ጠቀለልሁ። «ዛሬ እኔ ላጉርስህ» አልሁት። «ምነው እማዬ፣ ምን ተገኘ?» ብሎ ሳቀ። «እናት ልጇን ለማጉረስ ምን መገኘት አለበት?» አልሁት። ዓይኑን ጨፈነ። አፉን ከፈተ። የልጄ አፍ ነው፣ ጡት የሰጠሁት አፍ። አጎረስሁት።

አልዋጠም። ሳያኝክ የሚውጠው ልጄ አኘከ። ቀስ ብሎ አኘከ፣ ምላሱ ወዲህ ጉንጩን ወጠረ፣ ወዲያ ጉንጩን ወጠረ፣ አጥንት እንደሚፈልግ ሰው። ከዚያ ዓይኑን ገለጠ። ያየው እኔን አይደለም። በትከሻዬ ላይ አልፎ እሷን አያት።

«ዛሬ የኔ ቀን አልነበረም እንዴ?» አላት።

ሰርካዲስ ከዓምና ጀምሮ አያውቅም ብላ ነበር የኖረችው። ዜናው የዝናብ ወሬ ላይ ደርሷል። እሱም ከአፉ ያመለጠውን ያወቀው ያኔ ነው፣ ጉርሻው ጉንጩ ውስጥ እንዳለ ማኘኩን አቆመ፣ ዓይኑን ወደ እኔ አመጣ፣ ልጅ ሳለ ስኳር ሲሰርቅ እንደሚያየኝ አየኝ። ቀን አልፎ ቀን ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ሲከፍት የማን ቀን እንደሆነ ይቆጥር ነበር። እሷ ስትቀል ይቆጥር ነበር። ካረገዘች በኋላም ይቆጥር ነበር።

«ቀንህ ሐሙስ ነው» አልሁት። «ከኔ ጋር ትወርዳለህ። በሩን አሳይሃለሁ።»

«እማዬ…» አለ። ጉርሻውን ዋጠው። «ሰው ያየኛል።»

«እሷን አይተዋታል» አልሁት። «እኔንም ዛሬ አይተውኛል። ምንም አልጎደለብኝ።»

እሺም አላለ፣ እምቢም አላለ፤ ሐሙስ ሲመጣ ይታያል። የቴሌቪዥኑን መቆጣጠሪያ አነሣና ድምፁን ጨመረው። እጁ ወደ ትሪው አልተመለሰም፣ የኔም አልተመለሰ። ሰርካዲስ ብቻ ተጠጋች። ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ እንጀራውን ቆረሰች፣ ሽሮውን ጠቀሰች፣ ለራሷ ጎረሰች። ደግማ ቆረሰች። ያ ሁሉ የዝናብ ወሬ እየተወራ እሷ ማንንም ሳታይ ትበላለች። ወንድምአገኘሁ ቴሌቪዥኑን ትቶ ያያት ጀመር፣ እኔም አየኋት። ትሪው ባዶ እስኪሆን በላች።